ፔስሜከር ከገባ በኋላ የሚቆጣ ልብ፦ ከዳሒዬ እስከ ጥቁር አንበሳ

በቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ፣ በዳሒዬ፣ ፔስሜከር የሚገባላቸው ሰዎች በአብዛኛው ዕድሜያቸው የገፋ ነው። በሐረት ህሬክ፣ በጎበይሪ ወይም በቡርጅ አል ባራጅኔ ከተደራረቡት ፎቆች በአንዱ፣ ከልጆቻቸው ጋር ወይም ልጆቻቸው ከቀጠሩላቸው ሠራተኛ ጋር ይኖራሉ። ሠራተኛዋ ብዙ ጊዜ የእኛው አገር ልጅ ናት። ጂዶ (ወንድ አያት) ከሆስፒታል ሲመለስ ሸሚዙን የምታወልቅለት፣ ተይታን (ሴት አያትን) የምታጥባት፣ ፋሻው እርጥብ መሆኑን የምታየው፣ ሌሊት ሲያቃስቱ የምትነሳው እሷ ናት። ሐኪሙ ቁስሉን የሚያየው በቀጠሮ ቀን ነው፤ እሷ ግን ጠዋትና ማታ ታየዋለች።

ስለ ፔስሜከርና ስለ ልብ ብግነት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያተኩረው በቀዶ ሕክምናው ክፍል ላይ ነው። ምን ዓይነት ሽቦ ገባ፣ በየትኛው ደም መልስ ገባ፣ ምን አንቲባዮቲክ ተሰጠ የሚለው ይተነተናል። ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። በእኔ ግምት ግን የሰውየውን ዕጣ በብዛት የሚወስኑት ከስፌቱ በኋላ ያሉት ስድስትና ስምንት ሳምንታት ናቸው። ምክንያቱም በእነዚያ ሳምንታት ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ችግሮች በአንድ ዓይነት ምልክት ይመጣሉ፤ ትኩሳትና የደረት ሕመም። አንደኛው ጀርም የሌለበት የልብ ሽፋን መቆጣት ሲሆን በክኒን ይድናል። ሁለተኛው ጀርም በዕቃው ላይ ሰፍሮ የሚያመጣው ኢንፌክሽን ነው፤ እሱ ደግሞ ሽቦውና ሣጥኑ ተጠራርጎ ካልወጣ ብዙውን ጊዜ አይለቅም። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠት ጉዳቱ ከባድ ነው።

ፔስሜከሩ ራሱ የልብ ምትን የሚመራ፣ ክብደቱ ከ20 እስከ 30 ግራም የሚሆን የታይታኒየም ሣጥን ነው። ከአንገት አጥንት በታች፣ ከቆዳው ሥር በተከፈተ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ከእሱ የሚነሱት ሽቦዎች በደም መልስ ተጉዘው ወደ ልብ ቀኝ ክፍሎች ይገባሉ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1958 በስቶክሆልም ካሮሊንስካ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ የአርነ ላርሶንን ደረት ከፍቶ፣ መሐንዲሱ ሩነ ኤልምክቪስት የሠራውን መሣሪያ አስገባለት፤ ሽቦዎቹንም በልቡ ላይ ሰፋ። መሣሪያው በሰዓታት ውስጥ ሥራ አቆመ፤ ሌላ ተተካለት። ላርሶን በጠቅላላው ሃያ ስድስት መሣሪያ እየቀያየረ እስከ 2001 ኖረ፤ ሲሞት 86 ዓመቱ ነበር። ልቡን መጀመሪያ ያሰናከለው የቫይረስ ሕመም ያስከተለው ብግነት ነበር። ስለዚህ በሰው ገላ ውስጥ የተቀበረው የመጀመሪያው ፔስሜከር ራሱ የተቆጣ ልብን ለመታደግ የገባ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ደረት አይከፈትም። በምትኩ የሽቦው ጫፍ ከልብ ግድግዳ ጋር መያያዝ አለበት፤ ነገር የሚመጣውም ከዚህ ነው። የሽቦው ጫፍ በሁለት ዓይነት መንገድ ይያዛል። አንዱ በጥቃቅን ጥርሶች ከልብ ጡንቻ ክሮች መካከል ይጠላለፋል። ሌላው ሁለት ሚሊሜትር ገደማ የሚረዝም ብሎን አለው፤ ብሎኑ ወደ ጡንቻው ይዞራል። የቀኙ የላይኛው የልብ ክፍል ግድግዳ ግን በቦታ በቦታ ራሱ ከሁለት ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። የብሎኑ ጫፍ ግድግዳውን አልፎ ልብን የሚሸፍነውን ስስ ከረጢት ቢነካ አይገርምም። አንድ ሺህ ገደማ ታካሚዎችን የተመለከተ በ2002 የታተመ ጥናት የልብ ሽፋን ብግነት፣ ማለትም ፔሪካርዳይተስ፣ የታየው በላይኛው ክፍል ባለ ብሎን ሽቦ ከገባላቸው ሰዎች መካከል በ5 በመቶ ገደማው ላይ መሆኑን አሳይቷል። ጥርስ ያለው ሽቦ ከገባላቸው መካከል አልታየም። ያም ሆኖ ባለ ብሎኑ ሽቦ ከቦታው ስለማይንሸራተትና ሲያስፈልግ ለማውጣት ስለሚቀል፣ ብዙ ሐኪሞች የሚመርጡት እሱን ነው። ምርጫው ትክክል ይመስለኛል፤ ግን ዋጋው ለታካሚው ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ጀርም የሌለበት ብግነት በሁለት ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያው በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ነው። ሰውየው በረጅሙ ሲተነፍስ ወይም በጀርባው ሲጋደም ደረቱን ይወጋዋል፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ሲቀመጥ ይቀልለታል። ብዙ ጊዜ ይህ የሽፋኑ መቆጣት ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ግን ሽቦው ልብን በስቶ ወጥቷል ማለት ነው፤ ያኔ ደም በከረጢቱ ውስጥ ይጠራቀምና ልብን ያፍናል። ሰውየው ከደከመው፣ ራሱን ካዞረው፣ የአንገቱ ደም ሥሮች ከተገተሩ፣ ወይም ሆዱና ጎኑ ከልብ ምቱ ጋር እየተንቀጠቀጠ ስቅታ ከያዘው፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ለዚህ አደጋ ይበልጥ የሚጋለጡት አሮጊቶች፣ ሰውነታቸው የከሳ፣ ስቴሮይድ የሚወስዱና አስቀድሞ ጊዜያዊ ሽቦ የገባላቸው ናቸው። የብዙዋ ተይታ መልክ ይህ ነው።

ሁለተኛው ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ከአንድ እስከ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ፣ ቁስሉ ደርቆ፣ ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ሳለ ትኩሳት ይነሳል፤ ደረቱ ይወጋዋል፤ በልቡና በሳንባው ዙሪያ ውኃ ይቋጥራል። ዊሊያም ድሬስለር የተባለው ሐኪም በ1956 ከልብ ጥቃት በኋላ ሲመጣ የገለጸው ሕመም ዘመድ ነው። የተጎዳው የልብ ጡንቻ ቁራጭ ለሰውነት መከላከያ ባዕድ መስሎ ይታየውና፣ መከላከያው በገዛ ሽፋኑ ላይ ይነሳል። ከፔስሜከር በኋላ የሚያጋጥመው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2015 መመሪያው አምስት ምልክቶችን ዘርዝሮ ሁለቱ ከተገኙ ምርመራው ይጸናል ይላል፦ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ትኩሳት፣ ከትንፋሽ ጋር የሚወጋ የደረት ሕመም፣ በማዳመጫ የሚሰማ የሽፋን መፋተግ፣ በልብ ዙሪያ ውኃ፣ እና በሳንባ ዙሪያ ውኃ ሆኖ በደም ውስጥ የብግነት ምልክት ከፍ ማለቱ። መመሪያው የሚያጎላው አንድ ቃል አለ፤ «ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት» የሚለው። ይህ ቃል ኢንፌክሽን አለመኖሩን መጀመሪያ አረጋግጡ ማለቱ ነው።

ምርመራውን የሚያከብደው ሌላ ነገር አለ። የልብ ሽፋን ብግነት በልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ላይ ራሱን የሚያሳይበት የታወቀ መልክ አለው። የታችኛውን የልብ ክፍል የሚመራው ፔስሜከር ከሆነ ግን ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ሥዕል ከመጀመሪያውም የተለወጠ ስለሆነ፣ ያ መልክ ይሸፈናል። ስለዚህ የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ያስፈልጋል። መሣሪያው ፕሮግራመር በሚባለው ማንበቢያ መነበብም አለበት፤ ልብን ለማስመታት የሚያስፈልገው ኃይል በድንገት ከፍ ካለ ሽቦው ከቦታው መነቃነቁን ወይም ልብን መብሳቱን ይጠቁማል።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን፣ ከእነሱም ጋር ኮልቺሲን። ኮልቺሲን ጥንታዊ የሪህ መድኃኒት ነው። በ2013 የታተመው የጣሊያኖቹ ጥናት በ240 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ፣ የማይለቅ ወይም የሚመላለስ የልብ ሽፋን ብግነትን ከ37.5 ወደ 16.7 በመቶ እንዳወረደ አሳይቷል። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላም መከላከሉ ከዚያ በፊት ታይቶ ነበር። በቤይሩት ይህ መድኃኒት እንግዳ አይደለም። በአካባቢው ብዙ ሰዎች፣ በተለይ በቡርጅ ሐሙድ ያሉ አርመኖችና ከአረቦቹም ብዙ ቤተሰቦች፣ «የሜዲትራኒያን ትኩሳት» የሚባል በዘር የሚወረስ በሽታ አለባቸው። ትኩሳት፣ የሆድና የደረት ሕመም እያመላለሰ ይነሳባቸዋል። ከ1972 ጀምሮ መድኃኒቱ ኮልቺሲን ነው። ይህ የቤይሩት ሐኪምን ሊያግዘውም ሊያዘናጋውም ይችላል። ፔስሜከር ያለው ሽማግሌ ደረቱ ሲወጋው «የቤተሰቡ በሽታ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ቤተሰቡም በመሳቢያ ውስጥ ያለውን ኮልቺሲን ያውቀዋል። ችግር የሚሆነው ሲደራረብ ነው፤ ኩላሊቱ የደከመ ሽማግሌ ኮልቺሲን እየወሰደ ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ቢጨመርለት፣ የኮልቺሲኑ መጠን በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊገድለው ይችላል። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ በሚገዛባቸው ከተሞች ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

በአገራችን ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ሌላ አቅጣጫ መሄድ አለበት። በአፍሪካ በልብ ዙሪያ ውኃ ሲገኝ ግንባር ቀደሙ ምክንያት ቲቢ ነው። በሟቹ ደቡብ አፍሪካዊ የልብ ሐኪም ቦንጋኒ ማዮሲ የተመራውና በ2014 የታተመው ጥናት በስምንት የአፍሪካ አገሮች 1,400 ታማሚዎችን አካትቷል፤ ስቴሮይድ በአጠቃላይ ሞትን እንዳልቀነሰ፣ የሽፋኑን መጠንከርና መጨበጥ ግን እንደቀነሰ አሳይቷል። ኤችአይቪ ባለባቸው ላይ አንዳንድ ካንሰሮችን መጨመሩም ታይቷል። ስለዚህ በደሴ ወይም በጎንደር ፔስሜከር ከገባለት ከሁለት ወር በኋላ በልቡ ዙሪያ ውኃ የተገኘበት ሰው፣ በሽታው ከመሣሪያው ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል። የልብ ብግነት ያለበት ሁሉ በመሣሪያው አይመካኝም፤ መሣሪያ ያለው ሁሉም ከቲቢ አይድንም።

ሁለተኛው ችግር ኢንፌክሽኑ ነው። አብዛኛው የሚመጣው በቆዳችን ላይ ሁልጊዜ ከሚኖሩት ስታፊሎኮከስ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች ነው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ በቁስሉ በኩል ይገቡና በሣጥኑና በሽቦው ላይ እንደ አተላ ያለ ስስ ሽፋን ሠርተው ይሰፍራሉ። ያ ሽፋን አንቲባዮቲክን ይመክታል። አንዳንዱ በሳምንታት ውስጥ ኪሱን ያቀላዋል፣ ያሞቀዋል፣ መግል ያወጣል። አንዳንዱ ድምፁን አጥፍቶ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይቆያል። ሽቦውን ተከትሎ ወደ ልብ ሲገባ በሽቦው ወይም በቫልቩ ላይ የጀርም ክምችት ይሠራል፤ ኢንዶካርዳይተስ የሚባለው ይኼ ነው። ከዚያ እየተቆረሰ ወደ ሳንባ ሲሄድ ሳል፣ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ይመጣል። ብዙ ጊዜ «ኒሞንያ» ተብሎ ይታከማል። ያልፍና ይመለሳል።

መጠኑ ትንሽ ነው፤ አዲስ ከገባላቸው ሰዎች ከመቶ አንዱ ገደማ ነው፤ ባትሪ ሲቀየር ወይም ኪሱ ዳግም ሲከፈት ከዚያ ይጨምራል። ሆኖም ሲደርስ ሞት ሊያመጣ ይችላል። እዚህ ላይ በዓለም ላይ ያሉ መመሪያዎች ሁሉ ይስማማሉ፦ ሣጥኑም ሽቦውም ተጠራርጎ መውጣት አለበት። ቆዳው ተልጦ ሣጥኑ ወይም ሽቦው ወደ ውጭ ከታየ፣ ትኩሳት ባይኖርም፣ መግል ባይታይም፣ ተበክሏል ተብሎ ይወሰዳል። በላዩ ላይ ቆዳ ሰፍቶ መዝጋት ችግሩን ውስጥ መቅበር ነው። መመሪያው ግልጽ ሆኖ ሳለ አፈጻጸሙ በሀብታም አገር እንኳ ያሳፍራል። በአሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መሣሪያ ያላቸውን አረጋውያን መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ ኢንፌክሽን ከተገኘባቸው መካከል በ30 ቀን ውስጥ መሣሪያው የወጣላቸው ከአምስት አንድ እንኳ እንደማይሞሉ አሳይቷል። በስድስት ቀን ውስጥ የወጣላቸው ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ በእጅጉ ያነሰ ነበር። እንግዲህ የማውጫ መሣሪያውና የሠለጠነው ሐኪም በሞሉበት አገር ይህ ከሆነ፣ በሌለበት አገር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ስሕተቱ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከሆስፒታል ውጭ ነው። ቤተሰቡ ትኩሳቱን አይቶ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ይገዛል። ትኩሳቱ ይወርዳል። ከሳምንት በኋላ ሆስፒታል ሲደርሱ የደም ካልቸር ቢወሰድም ጀርሙ በከፊል ስለተመታ አይበቅልም፤ ምርመራውም ይደበዝዛል። ደም ለካልቸር የሚወሰደው፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከዚያ በጉሮሮ በኩል የሚገባው ኢኮ ይከተላል፤ ከደረት ውጭ የሚደረገው ኢኮ በሽቦ ላይ ያለውን ትንሽ ክምችት ሊስት ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ጀርም የሌለበትን ብግነት ኢንፌክሽን ነው ብሎ ደህና መሣሪያ ማውጣት አለ። ስቴሮይድ ያለ ማጣራት ሰጥቶ የተደበቀ ኢንፌክሽን ማቀጣጠልም አለ። ሦስቱም ሲከሰቱ ይታያሉ፤ ሦስቱንም የሚያመጣው ጥድፊያ ነው።

መከላከልን በተመለከተ ምርምሩ ከሚጠበቀው በላይ ቀላል ነገር ይናገራል። በፈረንሳይ 44 ማዕከሎች ከስድስት ሺህ በላይ ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ትኩሳት የነበረበት፣ ጊዜያዊ ሽቦ የገባለትና ቶሎ ዳግም የተከፈተ ሰው ይበልጥ እንደሚያመረቅዝ አሳይቷል። በአብዛኛው በካናዳ ወደ ሃያ ሺህ በሚጠጉ ታካሚዎች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ተጨማሪ አንቲባዮቲክ መደርደር፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚሰጠውን አንድ የሴፋዞሊን መርፌ በግልጽ የሚበልጥ ጥቅም እንደሌለው አሳየ። በኪሱ ውስጥ የሚቋጠር ደም ግን ኢንፌክሽንን ሰባት እጥፍ ገደማ ያበዛል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ታካሚዎችን ክኒኑን አቁሞ ሄፓሪን በሚባለው ሌላ ማቅጠኛ መተካት ያብሳል እንጂ አይከላከልም፤ በ2013 በታተመው ጥናት ዋርፋሪኑን ሳያቋርጡ በታከሙት ላይ የደም ቋጠሮ 3.5 በመቶ ሲሆን፣ በሄፓሪን በተተካላቸው ላይ 16 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ቋጠሮውን በመርፌ መምጠጥ ደግሞ ጀርም ማስገቢያ ነው። መሣሪያውን በ2019 ጥቅሙ በተረጋገጠው አንቲባዮቲክ የተነከረ መረብ መጠቅለል ኢንፌክሽንን ከ1.2 ወደ 0.7 በመቶ ያወርዳል፤ ዋጋው ግን ለብዙ አገር አይቀመስም። በእኔ አመለካከት ደሃ አገር ገንዘቡን በመረቡ ላይ ከማዋሉ በፊት በሰዓቱ የሚሰጠውን መርፌና ጊዜያዊ ሽቦ ላይ የሚቆዩትን ቀናት ማሳጠር ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል።

ዳሒዬ ውስጥ የዕውቀትና የሆስፒታል እጥረት አልነበረም። አል ረሱል አል አዕዘም ሆስፒታል የራሱ የልብ ማዕከል አለው፤ ባህማን በሐረት ህሬክ ይገኛል፤ የሳሕል ሆስፒታልም እዚያው አቅራቢያ ነው፤ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ራፊቅ አል ሐሪሪ ደግሞ በዳርቻው ላይ ቆሟል። የጠፋው ቀጣይነት ነው። ከኦክቶበር 2019 ጀምሮ የሊራው ዋጋ ሲወድቅ፣ ዕቃ አስመጪዎች የውጭ ምንዛሪ በእጅ ጠየቁ፤ ታካሚው የራሱን መሣሪያ ዋጋ በዶላር መክፈል ያዘ። በሴፕቴምበር 2021 የዓለም ጤና ድርጅት ዳይሬክተር ጄኔራል ቴድሮስ አድሃኖም ቤይሩትን ሲጎበኙ፣ ድርጅታቸው 40 በመቶ ገደማ ሐኪሞችና 30 በመቶ ነርሶች አገሪቱን እንደለቀቁ አስታውቋል። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም በስድስተኛው ሳምንት ፓሪስ ወይም ዱባይ ከሆነ፣ ክትትሉ የሚቀጥለው በማን ነው?

ከዚያ የእስራኤልና የሂዝቦላ ጦርነት መጣ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 2024 ፔጀሮች በዳሒዬና በሌሎች ቦታዎች ፈነዱ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቆጠራ 12 ሰው ሞቶ ከ2,700 በላይ ቆሰለ፤ ሆስፒታሎቹ ዓይንና እጅ በተጎዱ ሰዎች ተሞሉ። ብዙ ቤተሰብ ባትሪ ያለውን ነገር ሁሉ መጠራጠር ጀመረ። (ለማስታወስ ያህል፣ የፔስሜከር ባትሪ በአብዛኛው የታሸገ የሊቲየምና አዮዲን ባትሪ ነው፤ በከፍተኛ እሳት ውስጥ ካልገባ አይፈነዳም፤ በሬዲዮም ሊፈነዳ አይችልም።) በቀናት ውስጥ የቦምብ ድብደባው ተከተለ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተፈናቀለ። ኦክቶበር 21 ቀን የሳሕል ሆስፒታል የእስራኤል ጦር ከሥሩ የሂዝቦላ ምሽግ አለ ብሎ ካስጠነቀቀ በኋላ ተለቀቀ፤ የሆስፒታሉ ኃላፊዎች ክሱን አስተባብለዋል። በዚያው ሌሊት ራፊቅ አል ሐሪሪ አጠገብ በደረሰ ድብደባ ቢያንስ 18 ሰው ሞተ። የተኩስ አቁሙ ኖቬምበር 27 ቀን ጸና።

አንድ ታካሚ ከሐረት ህሬክ ወደ ትሪፖሊ ወይም ወደ ተራራው ሲሸሽ፣ ስለ መሣሪያው የሚናገር ካርድ በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ፕሮግራመር ስላለው፣ የአንዱ መሣሪያ በሌላው አይነበብም። ሐኪሙ መሣሪያው የማን ሥራ እንደሆነ ሳያውቅ ሊያነበው አይችልም። መውጫ መንገድ ግን አለ፦ በራጅ ፊልም ላይ ሣጥኑ ውስጥ ያለው የፋብሪካው ምልክትና ኮድ ይታያል። በየትኛውም ክሊኒክ ያለ አንድ የደረት ራጅ መሣሪያውን ሊለይ ይችላል። ይህን ማንም ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ከመፈናቀሉ ጋር ሌላ ጉዳይ አለ። በዚያ መኸር አንዳንድ አሠሪዎች ሲሸሹ ሠራተኞቻቸውን በቤት ጥለው እንደሄዱ፣ አንዳንዶቹንም ቆልፈውባቸው እንደሄዱ በየመገናኛ ብዙኃኑ ተዘግቧል፤ ብዙ ሴቶች በባሕር ዳርቻው መንገድ ላይ አደሩ። በ2020 ደግሞ ሐዝሚዬ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ በአሠሪዎቻቸው የተጣሉ እህቶቻችንን ዓለም አይቷል። የሠራተኛዋን መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ውስጥ ያለች ሴት ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ በአሠሪዋ እጅ ይቆያል፤ የጤና ኢንሹራንሷም በአሠሪዋ ይገዛል። እሷ ራሷ ፔስሜከር ቢያስፈልጋት ምን ይከተላል? ኢንሹራንሱ ለአደጋና ለአጣዳፊ ሆስፒታል ወጪ የተበጀ እንጂ ለረጅም ክትትል አይደለም። ውሏ ቢያልቅና ወደ አገር ብትመለስ የመሣሪያዋ ፕሮግራመር ያለበትን ቦታ ፍለጋ ትገባለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ባንቺ ይመር ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር የመሠረተችው «እኛ ለእኛ በስደት» ማኅበር ለተጣሉት መጠለያና ምግብ፣ ለአንዳንዶቹም ሕክምና ሲያፈላልግ ቆይቷል። የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅትም በቡርጅ ሐሙድና በቡርጅ አል ባራጅኔ ለስደተኞች ክሊኒክ ነበረው። እነዚህ ሁሉ ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ለልብ መሣሪያ ክትትል የተቋቋሙ አይደሉም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጉዳዩ ከማግኘት ይጀምራል። የፓን አፍሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2011 እና በ2016 መካከል ያለውን ሁኔታ ሲዳስስ፣ በአፍሪካ አገሮች በዓመት ለአንድ ሚሊዮን ሰው መካከለኛው 2.66 ፔስሜከር ብቻ እንደሚገባ አገኘ፤ ከአውሮፓ በ200 እጥፍ ያነሰ ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ልብ ማዕከል በ2009 ተከፍቶ በአብዛኛው ለሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና ይሰጣል። ፔስሜከር በግል ሆስፒታሎችም ይገባል። ታካሚው ከክልል ተልኮ አዲስ አበባ እስኪደርስ፣ መሣሪያው እስኪገኝ፣ ገንዘቡ እስኪሟላ ጊዜያዊ ሽቦ ላይ ሊቆይ ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው የፈረንሳዩ ጥናት ደግሞ ያ ቆይታ ለኢንፌክሽን መንገድ እንደሚከፍት ነግሮናል።

ለዋጋው ችግር የቀረበ አንድ መላ ያገለገለን መሣሪያ ማደስ ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ልቤ ልብህ» የሚባለው ፕሮጀክት ከሟቾች የተወሰዱ ፔስሜከሮችን አጽድቶና ፈትሾ ለማይችሉ አገሮች ይልካል። በሞንትሪያል የልብ ተቋም የተመራው ሌላ ቡድን በ2020 ባሳተመው ጥናት፣ በሜክሲኮ፣ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ በጓቲማላና በሆንዱራስ የታደሰ መሣሪያ የገባላቸውን 1,051 ሰዎች ከ3,153 ካናዳውያን ጋር አነጻጽሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢንፌክሽኑ 2 በመቶና 1.2 በመቶ ነበር፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ረገድ አልጸናም። ጥያቄው ለእኔ በንጽሕናው አያልቅም። የታደሰ መሣሪያ የሚሰጠው ለድሃ ነው፤ ድሃ ደግሞ ለክትትል የሚመለስበት አውቶቡስ ዋጋ የሚቸግረው ሰው ነው። መሣሪያው በነጻ ሲሰጥ፣ የስድስት ሳምንቱ ምላሽም በዚያው በጀት ውስጥ መግባት አለበት።

ሽቦ የሌለው ፔስሜከር ሌላ መንገድ ከፍቷል። በ2013 መጀመሪያ የገባው ማይክራ በእግር ደም መልስ በኩል ተወስዶ በቀጥታ በልብ ውስጥ ይተከላል፤ ኪስ የለውም፤ ስለዚህ የኪስ ኢንፌክሽን የለበትም። በምትኩ ልብን የመብሳትና በዙሪያው ደም የማጠራቀም አደጋ ይኖረዋል፤ ያ ደግሞ የሚታየው በአብዛኛው እዚያው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ለዳሒዬም ለአዲስ አበባም ዋጋው ገና ከፍ ያለ ነው።

እስካሁን ባሉት መሣሪያዎች ግን ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት በአረብኛና በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በሰውየው ቤት ውስጥ ቁስሉን የምታየው ሰው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ታነብባለች። አንድ ገጽ ይበቃል፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስቅታ፣ መፍዘዝ ወይም መድከም ካለ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል፤ ከአንድ እስከ ስድስት ሳምንት ትኩሳትና ደረት መውጋት ከመጣ የሐኪሙ ስልክ፤ ኪሱ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ውኃ ከወጣው ወይም ቆዳው ከሳሳ፣ አትጫኑት፣ በመርፌ አትምጠጡት፣ አንቲባዮቲክ አትግዙ፣ ደም ይወሰድ። ከታች የመሣሪያው ፋብሪካና ቁጥር፣ ከዚያም እሷ ራሷ የምትደውልበት ቁጥር። ሆስፒታሎች ይህን የሚፈሩት «ሠራተኛዋ ከቤተሰቡ በላይ ሥልጣን ታገኛለች» ብለው ሊሆን ይችላል። እሷ ግን ቁስሉን በየቀኑ እያየችው ነው።